የመቅደላ መንገድና የታሪክ ጸሐፊው ዓይን

ስለ ዋድላና ደላንታ የቀድሞ መንገዶች የሚጽፍ ሁሉ ከአንድ መጽሐፍ ጋር መገናኘቱ አይቀርም። ይኸውም ክሌመንትስ ማርክሃም እ.ኤ.አ. በ1869 ያሳተመው የመቅደላ ዘመቻ ታሪክ ነው። ማርክሃም ከእንግሊዝ ጦር ጋር የዘመተ የጂኦግራፊ ሊቅ ነበርና ዐፄ ቴዎድሮስ ያስጠረጉትን መንገድ በአድናቆት መዝግቦታል። አድናቆቱ ተገቢ ነው፤ ጉድለቱ መንገዱን የአንድ ሰው ጽኑ ፈቃድ ሐውልት አድርጎ ማየቱ ነው።

ንጉሡ በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ከደብረ ታቦር ተነሥተው፣ በጋፋት የተሠራውንና ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝነውን ሴባስቶፖልን እያስጎተቱ፣ በጨጨሆ በኩል ወደ ዋድላ ዘለቁ። ከዚያም የዥጣንና የበሽሎን ገደል ተሻግረው በመጋቢት መቅደላ ደረሱ። ጉዞው ስድስት ወር ያህል ፈጀ። ማርክሃም ያየው ግን ያለቀውን መንገድ እንጂ ሲሠራ አይደለም። ስለዚህ ዐለቱን የፈለጠው ወታደርና ያን ሁሉ ሠራዊት የቀለበው ባላገር በትረካው ውስጥ ደብዝዘው ቀሩ። ከእኛም ደራስያን ብዙዎቹ ዓይናቸውን ከመድፉ ሳይነቅሉ ይህንኑ አመለካከት ወርሰዋል።

ያልተጠየቀ ሌላ ጥያቄም አለ። ባላገሩ ከዚያ በፊት መንገድ አጥቶ አልነበረም። ወደ ገበያ፣ ወደ ደብር፣ ወደ ወንዝ የሚያደርሰው የእግር መንገድ ለአህያና ለበቅሎ ጭነት ይበቃው ነበር። ሰፊ መንገድ የሚያስፈልገው ለመድፉ ነበር። ከሰሜን የመጣው የናፒየር ጦርም ዋድላ ላይ ከዚያው መንገድ ገጠመና ዥጣን በእርሱ ወርዶ ወጣ፤ ሚያዝያ 6 ቀንም መቅደላን ያዘ። ንጉሡ ለመከላከያ ያወጡት መንገድ ለጠላት መግቢያ ሆነ። እንግዲህ የመንገድ ታሪክ «ማን አሠራው?» በማለት ብቻ አይፈጸምም፤ «በማን ጉልበት ተሠራ? በማን እህል? ማንንስ አሳለፈ?» ብሎ መጠየቅ ይገባዋል።

ይህ ነቀፌታ በስደት ያለነውን ተመራማሪዎች ይበልጥ ይመለከታል። የማርክሃም መጽሐፍ በየቤተ መጻሕፍቱ በቅርባችን ይገኛል፤ የዋድላ አዛውንት ግን ከእኛ ሩቅ ናቸው። በእጃችን የገባውን ምንጭ ብቸኛ ምንጭ አድርገን ከያዝነው፣ የአገራችንን ታሪክ በወራሪ ጦር ዓይን ስናይ እንኖራለን። የወንዝ መሻገሪያዎች ስም፣ የርስት ወሰን ክርክር፣ የየገበያው ቀን፣ ከአባት ለልጅ የሚነገር ትዝታ ሁሉ የመንገድ ማስረጃ ነው። እነዚህ ተሰብስበው ከማርክሃም ገጾች ጎን ሲቀመጡ ያን ጊዜ የሠራዊቱ መንገድ የባላገሩም ታሪክ ይሆናል።