ቁምጣና ዱላ፦ የጎጃም ገበሬ በመድረክና በማሳ

በዘፈን ቪዲዮም ሆነ በቴሌቪዥን ድራማ የጎጃም ገበሬ እንዲታይ ሲፈለግ የሚለብሰው አስቀድሞ የታወቀ ነው፤ አረንጓዴ ወይም ካኪ ቁምጣ፣ በትከሻ ላይ ጋቢ፣ በእጅ ዱላ። ተመልካች ሰውየው አፉን ሳይከፍት አገሩን ያውቃል። በዚህ ጽሑፍ ለማሳየት የምንሞክረው ይህ አለባበስ ሐሰት መሆኑን አይደለም። ቁምጣውም፣ ጋቢውም፣ ዱላውም ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ፣ ሽቅብም እስከ ሰከላና ግሽ ዓባይ ድረስ ዛሬም አሉ። ጥያቄያችን ሦስቱ ነገሮች ሰውየውን መግለጻቸው ቀርቶ ሰውየውን መተካት የጀመሩት እንዴት ነው የሚል ነው።

ለማነጻጸሪያ ከሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ታሪኩን የሚጀምረው ከማንኩሳ ነው። ማንኩሳ ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። ቦጋለ መብራቱንና ውድነሽ በጣሙን አንባቢ የሚያስታውሳቸው በጋብቻቸውና ስለ ልጃቸው ስለ በዛብህ በተሳሉት ስለት ነው። በአበጀ በለው መሪነት በፊታውራሪ መሸሻ ላይ የተነሡት ባላገሮችም ማንነታቸው የሚገለጠው በሚጠየቁት ግዴታና «አንሰጥም» በማለታቸው ነው። ደራሲው ጎጃም ተወልደው ያደጉ ናቸውና የገበሬውን ልብስ አላወቁትም አይባልም። ነገር ግን ገበሬነትን በልብስ አላስረዱም፤ በግንኙነት አስረዱ እንጂ። ከመድረኩ ጋር ያለው ልዩነት ከዚህ ይጀምራል።

መድረኩ የራሱ ምክንያት አለው። ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ በየክፍለ ሀገሩ የኪነት ቡድኖች ሲደራጁ ጎጃምም «ግሽ ዓባይ» የሚባል ቡድን ነበረው። በ1980 ዓ.ም. ወደ አውሮፓና ወደ ሰሜን አሜሪካ የተጓዘው «ሕዝብ ለሕዝብ»ም የብዙ ብሔረሰቦችን ዘፈንና ጭፈራ በአንድ ዝግጅት ማሳየት ነበረበት። አንዱ ጭፈራ አልቆ ሌላው እስኪተካ ያለው ጊዜ ጥቂት ደቂቃ ነው፤ የኋላ ወንበር ላይ የተቀመጠውም ሰው ጎጃምን ከወሎ መለየት አለበት። ለዚህ ዓላማ ቁምጣና ዱላ ይበቃሉ። የሚያሳዝነው ይህ የጥቂት ደቂቃ መለያ ብዙ ሰዓት ወደሚፈጀው ድራማ ሳይለወጥ መግባቱ ነው። በድራማው ውስጥ ገፀ ባህርዩ የሚያስብበትና የሚለወጥበት ሰፊ ጊዜ ተሰጥቶታል፤ ሆኖም ከመጀመሪያው ክፍል እስከ መጨረሻው ያው ቁምጣ፣ ያው ዱላ፣ ብዙ ጊዜም ያው ማሳቂያ ንግግር ነው።

የአሜሪካው ካውቦይ ታሪክ ለዚህ ጥሩ ማስተያያ ይሆናል። ሰፊው ባርኔጣና የቆዳው እግር መሸፈኛ ከሜክሲኮ ከብት ጠባቂዎች የተወረሱ ናቸው፤ ከከብት ነጂዎቹም መካከል ጥቁሮች ብዙ ነበሩ። ይሁን እንጂ ቡፋሎ ቢል እ.ኤ.አ. በ1883 የጀመረው ትርኢት፣ በኋላም ሲኒማው፣ ልብሱን ለዓለም ሲያስተዋውቁ የእነዚህን ሰዎች ድርሻ አደበዘዙት። በእኛ በኩል ግን አንድ ከባድ ልዩነት አለ። ትርኢቱ ሲስፋፋ ከብት በረጅም ጉዞ የመንዳቱ ሥራ ወደ ማብቃቱ ነበር። የጎጃም ገበሬ ግን ዛሬም ያርሳል፤ ቡሬ ከተማ ለገበያ በወጣበት ቀን ምግብ ቤት ገብቶ በቴሌቪዥኑ ላይ ራሱን ያያል። የሚያየው ግን በዚያች ሰዓት የለበሰውን አይደለም።

የለበሰውስ ምንድን ነው? ከቁምጣው በላይ ከሰልባጅ የተገዛ ኮት፣ ከኮቱ በላይ ጋቢ፣ በእግሩ የፕላስቲክ ጫማ፣ ክረምት ከሆነ በዱላው ፈንታ ጃንጥላ። ከብት የሚጠብቀው ልጁ የእንግሊዝ እግር ኳስ ክለብ ማሊያ ለብሷል። ሚስቱ ጥልፍ ቀሚሷን ለጥምቀት አስቀምጣ ልባሽ ቀሚስ ላይ መቀነቷን ታጥቃለች፤ ገንዘቧም የተቋጠረው እዚያው ነው። «የባህል ልብስ» የምንለው ቁምጣ ራሱ የገበያ ካኪ ተቆርጦ በልብስ ሰፊ መኪና የተሰፋ ነው። የሚለበስበትም ምክንያት ጌጥ አይደለም፤ በክረምት ጭቃ ሞፈር ይዞ ለሚውል፣ ወንዝ ለሚሻገር ሰው ረጅም ሱሪ ሸክም ነው። ብርድ የሚበረታበት የሰከላ ደጋና ሙቀት የበዛበት ብር ሸለቆም አንድ ዓይነት አያለብሱም። መድረኩ ወቅትና አየር ንብረት የለውምና ይህ አይታየውም።

ከሁሉ ይልቅ የጠፋው አለባበሱ ነው፤ ልብሱን አላልሁም። አንዱን ነጠላ ወይም ኩታ ሰውየው ቤተ ክርስቲያን ሲሳለም መስቀለኛ ያጣፋዋል፤ ትልቅ ሰው ፊት ሲቀርብ ያደገድግበታል፤ ሐዘን ሲገባ ያዘቀዝቀዋል፤ ሲበርደው ይከናነበዋል። ጨርቁ አንድ፣ ንግግሩ ብዙ ነው። ተዋናዩ ግን ጋቢውን ለዳኛም፣ ለቀብርም፣ ለሠርግም በአንድ አኳኋን ትከሻው ላይ ይጥለዋል። ያደገደገ ሰው በጭቅጭቁ መሐል መታጠቂያውን ፈትቶ ቢቆም በአንድ ቃል ሳይናገር አመፀ ማለት ነው። አንድ ጸሐፌ ተውኔት ይህን እንቅስቃሴ ቢያውቀው ገጽ ሙሉ ቃለ ተውኔት ይተርፈው ነበር።

ይህ ጉዳይ የእኛንም ክፍል ይመለከታል። ሥነ ቃል ለመሰብሰብ የወጣ ተማሪ አዛውንቱን «አባባ፣ የባህል ልብስዎን ይልበሱልኝ» ብሎ ፎቶግራፍ ሲያነሣ፣ ኮቱን አውልቀው ጋቢ ብቻ እንዲደርቡ ሲያደርግ፣ የመድረኩን አልባሳት ወደ ማኅደር አስገባ። ከዓመታት በኋላ ድራማ የሚያዘጋጅ ሰው ያንን ፎቶግራፍ ማስረጃ ብሎ ይጠቅሳል፤ መድረኩም በገዛ ራሱ ይመሰክራል። ስለዚህ ከፎቶግራፉ ጋር ቀኑ፣ የሥራው ዓይነት፣ ልብሱ ከየት እንደ ተገዛና ማን እንደ ሰፋው ቢመዘገብ ይበጃል። በተለይ መቼ እንደ ተገዛ። በቡሬና በፍኖተ ሰላም ዙሪያ በርበሬና በቆሎ ገበያ ከዋለ በኋላ ነው ለቤተሰቡ አዲስ ልብስ የሚታሰበው፤ በጥምቀት አዲስ ጋቢ የደረበና ያምናውን አጥቦ የመጣ ጎረቤታሞች ጎን ለጎን ሲቆሙ የዓመቱን የበርበሬ ዋጋና የማን ዕዳ እንደ ተከፈለ ታቦት አጃቢው ሁሉ ያነባል።