ስለ «አንድሬይ ሩብሊዮቭ» ፊልም አጭር ሂስ

አንድሬይ ታርኮቭስኪ በ1966 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ናቸው) የፈጸመው «አንድሬይ ሩብሊዮቭ» የተባለው ፊልም፣ በ15ኛው መቶ ዓመት መባቻ የነበረውን የሩሲያ መነኩሴና ሠዓሊ ሕይወት ይተርካል። በ1969 በካን የፊልም በዓል ቢታይም፣ በሶቪየት ኅብረት ለሕዝብ በሰፊው የተፈቀደው በ1971 ነው። እዚህ የምንመረምረው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ ይኸውም ታሪኩ እምብዛም ያልተጻፈ ሠዓሊ በፊልም እንዴት ይተረካል? የሚል ነው።

ጥያቄው ለእኛም ሩቅ አይደለም። በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን (1434–1468) የነበረው ፍሬ ጽዮን፣ በጣና ዳጋ እስጢፋኖስ ባለችው የእመቤታችን ሥዕል ላይ ስሙ ተጽፎ ባይገኝ ኖሮ፣ እንደ ብዙዎቹ ሠዓሊዎቻችን ሳይታወቅ በቀረ ነበር። ስለ ኑሮው ግን የምናውቀው ጥቂት ነው። ሩብሊዮቭም እንዲሁ ነው።

ታርኮቭስኪ ይህን ጉድለት የሞላው ሠዓሊውን ሲሥል በማሳየት ሳይሆን፣ ሠዓሊው ያየውን መከራ ለእኛ በማሳየት ነው። ቭላዲሚር በተወረረች ጊዜ ሩብሊዮቭ አንዲት ሴት ለማዳን ሰው ይገድላል፤ ከዚህም በኋላ ሥዕሉን ትቶ ዝም ለማለት ይሳላል። ይህ ከታሪክ የተገኘ ሳይሆን የፊልሙ ፈጠራ ነው፤ ሆኖም ዘመኑን በሚገባ ስለሚገልጥ አንነቅፈውም።

የምንነቅፈው ሌላ ነው። ቦሪስካ የተባለው ልጅ ደወሉን ሲሠራ ጭቃው ሲፈለግ፣ ጕድጓዱ ሲቈፈር፣ ነሐሱ ሲቀልጥ በዝርዝር እናያለን። ስለ ሥዕሉ ሙያ ግን፣ ማለት ስለ ሰሌዳው አሰናዳድ፣ ስለ ቀለሙ አቀማመም፣ ስለ መምህርና ደቀ መዝሙር የምናየው እጅግ ጥቂት ነው። ግሪካዊው ሠዓሊ ቴዎፋን እንኳ ከሩብሊዮቭ ጋር የሚከራከረው ስለ ሰው ኀጢአት ነው።

ደወሉ የሥዕሉ ምሳሌ ነው የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። ነገሩ እውነት ነው፤ ነገር ግን ቦሪስካ በመጨረሻ አባቱ ምሥጢሩን እንዳላወረሰው እያለቀሰ ይናዘዛል። እንግዲህ ፊልሙ የሚያከብረው ከማንም ሳይማር ብቻውን የሚፈጥረውን ሰው ነው። ይህ የዛሬ ዘመን አሳብ ነው እንጂ የገዳም ሠዓሊ አሳብ አይመስለንም። የፍሬ ጽዮን አሣሣል በተከታዮቹ እጅ መቀጠሉ ይህንኑ ያስረዳል።

ይህም ሆኖ፣ ከሦስት ሰዓት ያህል ጥቁርና ነጭ በኋላ የሩብሊዮቭ ሥዕሎች በቀለማቸው ሲገለጡ፣ የሰውየው ሕይወት ወዴት እንደ ሄደ ያለ አንዳች ቃል እንረዳለን። የፍሬ ጽዮንን ፊልም ለመሥራት የሚነሣ ወገናችን ከታርኮቭስኪ ይህን ትዕግሥት ይማር፤ መምህሩንና ደቀ መዛሙርቱን ግን አይርሳብን።