ሽርሽር በቤተ ሰብ አልበም፤ ስለ ዣክ አንሪ ላርቲግ ፎቶግራፎች

የቤተ ሰብ አልበም የደስታ ቀን መዝገብ ነው። ሰው ወደ ባሕር ዳር ሲወርድ፥ አዲስ ኦቶሞቢል ሲገዛ፥ ከዘመዶቹ ጋር ሲጫወት ፎቶግራፍ ይነሣል፤ ልብስ ሲያጥብ ወይም ዕዳ ሲከፍል ግን የሚያነሣው የለም። ስለዚህ አልበም ለባህል ተመራማሪ ታላቅ ምስክር የመሆኑን ያህል የሚያዳላ ምስክርም ነው። ለዚህ አስረጅ የሚሆነው የፈረንሳዊው የዣክ አንሪ ላርቲግ ሥራ ነው።

ላርቲግ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1894 ዓ.ም. ከባለጸጋ ቤተ ሰብ ተወለደ። ፎቶግራፍ ማንሣት ይወድ የነበረው አባቱ በ1902 መሣሪያ ሰጠው። ልጁም ወንድሙ በሩዛ የገጠር ቤታቸው የሚሠራውን ሞተር የሌለው አይሮፕላን፥ በ1905 ከደረጃ ላይ የዘለለችውን ወጣት ዘመዱን፥ የኦቶሞቢል እሽቅድምድሙንና በፓሪስ በቧ ደ ቡሎኝ የሚንሸራሸሩትን ወይዛዝርት እያነሣ፥ በዕድሜው ሙሉ ከመቶ በላይ አልበሞች አዘጋጀ።

በ1963 የኒውዮርክ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ሥራውን ለሕዝብ ባሳየ ጊዜ፥ ብዙዎች የልጅን ንጹሕ ዓይን አደነቁ። አድናቆቱ ያለ ምክንያት አልነበረም፤ በአየር ላይ ተንጠልጥሎ የቀረውን ሰው አይቶ የማይደነቅ ማን ነው? ነገር ግን ከገጹ ወጥቶ ብቻውን በግድግዳ ላይ የተሰቀለ ፎቶግራፍ የሥነ ጥበብ ዕቃ ይሆናል፤ የማን ዘመድ፥ በየትኛው ወራት፥ ከምን ቀጥሎ የሚለው ሁሉ ይቀርበታል።

በ1904 የተነሣውን የሞግዚቱን የዱዱን ፎቶግራፍ መመልከት ይበቃል። ዱዱ ኳሱን ወደ ላይ ወርውራ ቆማለች። ለሕፃኑ ይህ ጨዋታ ነው፤ ለርስዋ ግን የዕለት እንጀራዋ ነው። በአልበሙ ውስጥ ሥራዋ መዝናኛ መስሎ ታየ። የፈረንሳይ ሠራተኛ ደመወዙ ሳይቋረጥ በዓመት ሁለት ሳምንት እንዲያርፍ ሕግ የፈቀደለት በ1936 ነው። እንግዲህ እነዚህን ገጾች «የዘመኑ የፈረንሳይ ኑሮ» ብሎ መጥራት፥ የአንድን ግቢ ደስታ ለአገር ሁሉ ማደል ይሆናል።

ሌላም ጥንቃቄ ያሻል። ላርቲግ በስተርጅናው አልበሞቹን ፈትቶ እንደገና ስላደራጃቸው፥ የገጾቹ ቅደም ተከተል ከልጁ ዓይን ጋር የሽማግሌውንም ምኞት ይናገራል። ይህ የአልበሙን ዋጋ አይቀንስም፤ ትዝታ እንዴት እንደሚበጅ ያሳያልና።

ላርቲግ በ1979 ሥራውን ለፈረንሳይ መንግሥት በስጦታ ስላስረከበ አልበሞቹ ሳይበተኑ ቆይተዋል። በየቤቱ ያሉት ግን ባለቤቱ ሲሞት በየወራሹ እጅ ይበተናሉ። ሰብሳቢ የሆነ ሁሉ አንዲት ፎቶግራፍ ከመገንጠሉ በፊት የገጹን ተራና ከሥሩ የተጻፈውን ቃል ይመዝግብ፤ መሣሪያውን ማን እንደ ያዘ፥ ከሽርሽሩም በስተኋላ ዕቃ ተሸክሞ የቀረው ማን እንደ ሆነ፥ የሚያውቅ ሰው በሕይወት ሳለ ይጠይቅ።