«ይቅርታ፣ አጣንዎት»

ኬን ሎች በ2019 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) በካን ፌስቲቫል ያቀረበው ፊልም ርእሱን የወሰደው ዕቃ አድራሾች ሰው ሲያጡ በር ላይ ከሚተዉት ካርድ ነው። እንግሊዝኛው በአንድ ግስ «አጣንዎት»ንም «ናፈቁን»ንም ይላል፤ ተርጓሚ ግን አንዱን መተው ግድ ይሆንበታል። የተተወው ፍቺ የሪኪ ልጆች ነው።

የኒውካስል ነዋሪው ሪኪ ዕቃ ለማድረስ ሲገባ «ተቀጥረሃል» የሚለው የለም። «ለእኛ» ሳይሆን «ከእኛ ጋር» ትሠራለህ ይባላል፤ ደመወዝም የለም፣ ክፍያ እንጂ። የጸሐፊው የፖል ላቨርቲ ብስለት እዚህ ላይ ነው፤ ድርጅቱ ወጪ መቀነስ የጀመረው ከቃላቱ ነው። መኪናው የሪኪ፣ ሕመሙም የሪኪ ነው፤ ቀርቶ ምትክ ካላገኘ ይቀጣል። ለዕቃ መጫኛው መኪና ቅድሚያ ክፍያ ሲባል የሚስቱ የአቢ መኪና ይሸጣል። አረጋውያንን በየቤታቸው የምትንከባከበው አቢ፣ በጉብኝት ቁጥር እየተከፈላት፣ አውቶቡስ ስትጠብቅ ትውላለች።

ባልደረባው ለሽንት የሚሆን ባዶ ጠርሙስ ሲሰጠው ሪኪ እንደ ቀልድ ያየዋል። ሾፌሩ ለሁለት ደቂቃ ከመኪናው ሲርቅ የሚጮኸው ስካነር ግን ቀልድ አያውቅም። ሎች ይህን ያለ ሐተታ ማሳየቱ የፊልሙ ትልቁ ጉልበት ነው።

ወደ ማብቂያው መከራው ከልክ በላይ ይደራረባል። ሪኪ በዘራፊዎች መደብደቡ ባይጨመር ይሻል ነበር፤ ዘራፊ ሲመጣ ድርጅቱ ጥፋቱን የሚጋራለት ያገኛል። ቢሆንም የሆስፒታሉ ትዕይንት ያለዚያ አይገኝም። የተሰበረውን ስካነር ዋጋ የሚጠይቀውን አለቃ አቢ በስልክ ትሰድበዋለች፤ ወዲያው ግን ወረፋ ከሚጠብቁት ሰዎች ፊት ታፍራለች። ሥራዋ ሰው መንከባከብ ነውና።