የሰው ወርቅ አያደምቅ

ወጣት አንባቢ ሆይ፤ ዛሬ ለመንቀፍ የተነሣሁት ጨዋታን አይደለም፤ «የቆየ ጨዋታ ባለቤት የለውም» የሚለውን አነጋገር ነው እንጂ። ይህንንም ከ14 ዓመት የልጅ ልጄ አፍ ሰማሁት፤ የሰማሁትም ጥፋቱ ከደረሰ በኋላ ነው።

ልጁ እ.ኤ.አ. በ1985 የወጣውን ሱፐር ማሪዮ ብሮስ የተባለውን የጃፓን ጨዋታ በነጻ ከሚያድል ድረ ገጽ በኮምፒዩተሬ ላይ አወረደ። ጨዋታው አልተከፈተም፤ በማግሥቱ ግን የአራት ዓመት ጽሑፌ ተቆልፎ «ገንዘብ ክፈል» የሚል መልእክት ቆየኝ። አልከፈልሁም፤ ጽሑፉም አልተመለሰም።

ከዚያ ወዲህ ነገሩን መረመርሁ። ያ ጨዋታ በጥንት መልኩ 40 ኪሎባይት ብቻ ነው፤ ይኸውም ዛሬ በስልክ ከሚነሣ ፎቶግራፍ እጅግ ያንሳል። ብቻውንም አይሠራም፤ የቀድሞውን መጫወቻ የሚተካ ሌላ ፕሮግራም ይሻል። እንግዲህ በስሙ ብዙ ሜጋባይት የሚመዝን፣ «ጫነኝ» የሚል ፕሮግራም ሲመጣ በበግ ለምድ የመጣ ተኩላ እንዳይሆን መጠርጠር ይገባ ነበር።

ሕግም አልተኛም። ኒንቴንዶ እ.ኤ.አ. በ2018 በአሜሪካ፣ በአሪዞና የፌዴራል ፍርድ ቤት፣ እንዲህ ያሉ ሁለት ድረ ገጾችን ከሰሰ፤ በዚያው ዓመት በባለቤቶቹ ላይ ከ12 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተፈረደ። የተከሰሱት አዳዮቹ እንጂ አውራጆቹ አልነበሩም፤ ነገር ግን ያልተከሰሰ ሁሉ ንጹሕ አይደለም። በአሜሪካ ሕግ የኩባንያ ሥራ መብት ከታተመበት ጊዜ ጀምሮ 95 ዓመት ይጸናልና፣ የዚህ ጨዋታ መብት እስከ 2080 መጨረሻ ይዘልቃል።

ተሟጋቾቹም ያለ ምክንያት አይናገሩም። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣ አንድ ጥናት በአሜሪካ ከወጡት የቆዩ ጨዋታዎች ከመቶ 87ቱ በገበያ እንደማይገኙ አሳይቷል። ይህ በእውነት ያሳዝናል፤ የጠፋውን ለመጠበቅ ሕግ ቢሻሻል እኔም እደግፋለሁ። ልጁ የወሰደው ግን ባለቤቱ እስከ ዛሬ በክፍያ የሚያቀርበውን ነው። ስለዚህ በጠፉት ስም ያልጠፋውን መውሰድ ማመካኛ እንጂ ምክንያት አይደለም።

ይህን ብነግረው ልጁ «አያቴ፣ እርስዎስ ሙሉ መጽሐፍ በፎቶ ኮፒ አባዝተው ለተማሪ ይሰጡ አልነበረምን?» አለኝ። እውነቱን ነው፤ አፈርሁ። ድህነታችን ምክንያቴ ነበር፤ ደራሲውን ግን አንድ ቀን እንኳ አላስፈቀድሁም።

ስለዚህ ወዳጄ፣ ነጻ የተባለውን ከመውሰድህ በፊት ሁለት ነገር ጠይቅ፤ የማን ነው? የሚሰጠኝስ ምን ፈልጎ ነው?