ስለ አንኮበር ስም አተረጓጐም

የአገር ስም ለሚመረምረው ሰው የአባቶች ኑዛዜ ነው። ነገር ግን ኑዛዜ ምስክር እንደሚያስፈልገው ሁሉ የስም ትርጓሜም ምስክር ያስፈልገዋል። ስለ መንደሮች ስም የሚጻፉት ሐተታዎች አብዛኞቹ ስሙን ከሁለት ይከፍሉና ለእያንዳንዱ ክፋይ ታሪክ ይሰጡታል፤ ምስክሩን ግን አይጠይቁም። ይህን ጕድለት ለማሳየት በሰሜን ሸዋ የምትገኘውን አንኮበርን ምሳሌ አድርጌ አቀርባለሁ።

ሲወርድ ሲዋረድ የመጣው ቃል፥ አንኮ የምትባል የኦሮሞ እመቤት ቦታውን ይዛ ትኖር ነበር፤ መግቢያው በእርስዋ እጅ ስለ ነበረም «የአንኮ በር» ተባለ ይላል። ሐታቾችም ይህን እንዳለ ተቀብለው ያልፋሉ። በእኔ አስተያየት ግን የትርጓሜው ሁለት ክፍሎች እኩል ክብደት የላቸውም።

«በር» የሚለው ምስክር አለው፤ ምስክሩም መሬቱ ነው። አንኮበር ደጋው ተቈርጦ ወደ አፋር ቈላ በሚወርድበት አፋፍ ላይ ትገኛለች። በዚያው አፋፍ በስተ ሰሜን ያለውም መተላለፊያ ጣርማ በር ይባላል። ከአንኮበር በታች ያለው አልዩ አምባ ከታጁራ ወደብ የሚመጣው ሲራራ ነጋዴ የሚገበያይበት ስፍራ ነበር፤ በ1833 ዓ.ም. ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ የተላከው የእንግሊዝ መልእክተኛ ካፒቴን ሃሪስም የመጣው በዚሁ መንገድ ነው። እንግዲህ «በር» የቦታውን ጠባይና አገልግሎት የሚናገር ቃል ነው።

«አንኮ» የሚለው ግን የቆመው በአፍ ቃል ነው። ልዩነቱን ለማየት ወደ ምዕራብ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ያለችውን ደብረ ብርሃንን እንመልከት። ቦታው ቀድሞ ደብረ ኤባ ይባል እንደ ነበረ፥ ከሰማይ ብርሃን ከታየ በኋላም ስሙ እንደ ተለወጠ የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዜና መዋዕል ይነግረናል። በዚያ ሰያሚው፥ ምክንያቱና ዘመኑ በጽሑፍ ተያይዘዋል፤ የአንኮ ታሪክ ግን እመቤቲቱን ያለ ዘመንና ያለ ትውልድ ይተዋታል።

ታዲያ የአንኮን ወሬ እንጣለው ማለት ነውን? አይደለም። ድል ያደረገ ሰው ቦታውን በራሱ ወይም በታቦቱ ስም መሰየም ይወዳል። የሸዋ ነገሥታት መናገሻ ባደረጉት ስፍራ ከእነርሱ በፊት ሌላ ሕዝብ፥ ሌላ ጌታ፥ ያውም ሴት ነበረች የሚል ቃል ለመናገሻው ክብር የሚጨምር አይደለም። ለክብር የማይረዳ ቃል እንዲህ ተጠብቆ ሲኖር፥ ሊመዘን እንጂ ሊናቅ አይገባውም። የሚመዝነውም ሰው በአማርኛ ብቻ ሳይወሰን በኦሮምኛና በአርጎብኛም ይጠይቅ።

ነገሩ ቀላል አይምሰለን። መምህር ይህን ትርጓሜ እንደ ተረጋገጠ ታሪክ ቢያስተምር፥ ተማሪው ወሬንና ማስረጃን ሳይለይ ያድጋል። ጸሐፊም ተረት ነው ብሎ ቢሰርዘው፥ የቀድሞ ነዋሪዎችን መታሰቢያ አብሮ ይሰርዛል። ስለዚህ ሐታች መሬትና መጽሐፍ የመሰከሩለትን «ነው» ይበል፤ አፍ ብቻ የመሰከረለትን «ይባላል» ይበል። የሁለቱን ቃላት ወሰን ያልጠበቀ ሐተታ ቢያምርም አያስተምርም።