ከበሮ መቺውና ሰልፉ፤ ስለ «ድራምላይን» ፊልም የቀረበ አጭር ሒስ

አንድ የሙዚቃ ጓድ ከሰነፍ አባሉ ይልቅ በጐበዙ አባሉ የሚቸገርበት ጊዜ አለ። ሰነፉ ሲሳሳት ይታወቃል፤ ይታረማልም። ጐበዙ ግን ሳይሳሳት ሰልፉን ሊያፈርስ ይችላል። ይህ ጉዳይ የሙዚቃ ብቻ ሳይሆን የትምህርት ቤትም ጉዳይ ስለ ሆነ፥ ለእኛ ለተማሪዎችና ለመምህሮቻችን መነጋገሪያ ቢሆን ይገባዋል በማለት፥ ስለ አንድ የውጭ አገር ፊልም ይህን አነስተኛ ሒስ አቅርበናል። ፊልሙን የምንመዝነውም ሩቅ አገር በሚገኝ ሚዛን ሳይሆን፥ በአይሻ የባቡር መሥመር በኩል ወደ አገራችን በገባ የሙዚቃ ጓድና እዚሁ በምናውቀው የጭብጨባና የከበሮ ሥርዐት ነው።

ሀ. የፊልሙ ታሪክ

«ድራምላይን» የተባለው የአሜሪካ ፊልም ለሕዝብ የታየው በታኅሣሥ 1995 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2002) ነው። ያዘጋጀው ቻርልስ ስቶን ሣልሳዊ ሲሆን፥ ዋናውን ሰው ዴቮን ማይልስን ሆኖ የሚጫወተው ኒክ ካነን ነው። ዴቮን በኒው ዮርክ በሐርለም ሠፈር ያደገ ወጣት ነው። በከበሮ ችሎታው ምክንያት በአትላንታ ከተማ በሚገኝ፥ ለፊልሙ በተፈጠረ አንድ የጥቁር አሜሪካውያን ዩኒቨርሲቲ ነጻ የትምህርት ዕድል ያገኛል። የማርሽ ባንዱ መሪ ዶክተር ሊ፥ «አንድ ባንድ፥ አንድ ድምፅ» የሚል ጽኑ ሕግ አላቸው። ዴቮን ግን ብቻውን ለመታየት ይሻል፤ ኖታ ማንበብ አለመቻሉንም ደብቋል። ምስጢሩ ሲገለጥ ከግንባር ተርታ ይወርዳል። ቈይቶም በሜዳ ላይ የተፎካካሪውን የሞሪስ ብራውን ኮሌጅ ባንድ ከበሮ በራሱ በትር በመምታት ጠብ ያስነሣና ከባንዱ ይባረራል። ተፎካካሪዎቹ ሊወስዱት ሲፈልጉ የቀድሞ ጓደኞቹን ዝግጅት እንዲነግራቸው ይጠይቁታል፤ እርሱ ግን እምቢ ይላል። በመጨረሻም ከከበሮኞቹ አለቃ ከሾን ጋር ታርቆ፥ አዲስ ምት አብረው ይደርሳሉ።

የፍጻሜው ትርኢት ሊመሰገን ይገባዋል። ተፎካካሪዎቹ ቀርበው የእነ ዴቮንን ከበሮ በመምታት ሲሳደቡ፥ እነዚህ ሳይነቃነቁ ይታገሣሉ። ተራቸው በደረሰ ጊዜ በትሮቻቸውን በተፎካካሪዎቻቸው ከበሮ ላይ ጥለው፥ ሳይመቱ ይቆማሉ። ልጁ መለወጡን ከመምታቱ ይልቅ ባለ መምታቱ ማሳየት ጥሩ ፈጠራ ነው።

ለ. ፊልሙ ያልነገረን ነገር

ይሁን እንጂ ፊልሙ ነገሩን ሁሉ የትዕቢትና የትሕትና ጠብ አድርጎ ያቀርበዋል። ልጁ ኩሩ ነበር፤ ተቀጣ፤ ትሑት ሆነ፤ አሸነፈ። የማርሽ ባንድ ኅብረት ግን ከሥነ ምግባር በፊት የአሠራር ግዴታ አለበት። የአሜሪካ የእግር ኳስ ሜዳ ከግብ መሥመር እስከ ግብ መሥመር 100 ያርድ ወይም 91 ሜትር ያህል ነው። ድምፅ ይህን ርቀት ለማለፍ ከሩብ ሴኮንድ በላይ ይፈጅበታል። ስለዚህ በአንዱ ዳር ያለው ነፊ በሌላው ዳር ያለውን ሰምቶ ቢከተል፥ ዘግይቶ ይገኛል። ጆሮው ቢያታልለው ዐይኑ የመሪውን እጅ ማየት፥ እግሩም ከጓደኛው እግር ጋር መግጠም ይኖርበታል። ትልልቆቹ ከበሮዎች ደግሞ መጠናቸው የተለያየ ስለ ሆነ፥ እያንዳንዱ መቺ አንድ ቃና ብቻ ይይዛል። ከከፍተኛ ወደ ዝቅተኛ የሚወርደው ምት በአምስት ሰዎች መካከል ተከፋፍሎ ይሰማል፤ አንዱ ብቻውን ቢመታው ትርጉም የሌለው ጉምጉምታ ነው። በዚህ ሥራ ውስጥ ያለ ሰው ትሑት ቢሆንም ባይሆንም ጓደኛውን መጠበቅ አለበት።

ሁለተኛው ጉድለት ከዚህ የከፋ ነው። ዴቮን የሚወቀስበት ዋና ጥፋት ኖታ አለማንበቡና ይህንንም መደበቁ ነው። መደበቁ በእርግጥ ጥፋት ነው፤ አለማወቁ ግን ጥፋት አይደለም፤ ኮሌጅ የተሠራው ለማያውቅ ነውና። ፊልሙ ለሜዳው ጩኸት ብዙ ጊዜ ሰጥቶ፥ ልጁ ጠረጴዛ አጠገብ ተቀምጦ ፊደል እንደሚቈጥር ሕፃን ኖታ የሚቈጥርበትን ሰዓት በችኰላ ያልፈዋል። ማኅበሩ ከግለሰቡ የሚጠይቀውን ዕዳ በዝርዝር አየን፤ ማኅበሩ ለግለሰቡ የሚከፍለውን ዕዳ ግን በጥቂቱ ብቻ አየን።

ከዚህም በቀር የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት ለባንዱ ድል የሚጨነቁት ገንዘብና ስም ስለሚያመጣ መሆኑን ፊልሙ ይነካዋል፤ ግን እስከ መጨረሻው አይከተለውም። ሞሪስ ብራውን በእውነት ያለ ኮሌጅ ነው፤ ፊልሙ በታየበት ወር በገንዘብ አያያዝ ችግር የትምህርት ዕውቅናውን አጥቶ፥ መልሶ ያገኘው በ2014 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2022) ነው። ባንድ የኮሌጅ ጌጥ ሊሆን ይችላል፤ የኮሌጅ ምሰሶ ግን አይሆንም።

ሐ. በአይሻ በኩል ያለፉት አርባ ልጆች

ኅብረት ለአባሉ ምን ሊሰጥ እንደሚችል ለማየት ወደ ራሳችን ታሪክ እንመለስ። ከጅቡቲ የሚነሣው የቀድሞው የምድር ባቡር ደወሌንና አይሻን አልፎ ወደ ድሬዳዋ፥ ከዚያም ወደ አዲስ አበባ ይዘልቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1915 በተጀመረው እልቂት ወላጆቻቸውን ያጡ አርባ የአርመን ልጆች በኢየሩሳሌም በአርመን ገዳም ተጠልለው የነሐስ ሙዚቃ ተምረው ነበር። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ በ1916 ዓ.ም. ኢየሩሳሌምን ሲጐበኙ ሙዚቃቸውን ሰምተው ወደ ኢትዮጵያ እንዲመጡ አደረጉ። ጳጉሜን 1 ቀን 1916 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገቡ። «አርባ ልጆች» ተብለው፥ በሙሴ ኬቮርክ ናልባንዲያን መሪነት የመንግሥቱ የሙዚቃ ጓድ ሆኑ። ሙሴ ኬቮርክ ዜማውን የደረሱለት ብሔራዊ መዝሙርም የዘውዱ መንግሥት እስኪያበቃ ድረስ አገለገለ።

ለእነዚህ ልጆች ኅብረት የትዕቢት መድኃኒት አልነበረም። ቤት ለሌለው ቤት፥ ዘመድ ለሌለው ዘመድ፥ ሥራ ለሌለው ሥራ ነበር። ኖታውንም መሣሪያውንም የሰጣቸው ያው ጓድ ነው። ግን በዚህም በኩል አንድ ሒስ አለን። ታሪክ ጸሓፊዎቻችን የመሪውን ስም ደጋግመው ሲያነሡ፥ ልጆቹን ባብዛኛው በቍጥር ብቻ ያስታውሷቸዋል። ከአርባዎቹ መካከል ከበሮ የሚመታው ማን ነበር? ምንስ ዐይነት እጅ ነበረው? ፊልሙ አንዱን ልጅ አግንኖ ጓዱን ያደበዝዛል፤ እኛ ደግሞ ጓዱን አክብረን ልጁን እንረሳለን። ሁለቱም ጐደሎ ነው።

መ. የተቀባዩ ድርሻ

በሶማሌ ክልል በሚታወቀው ዳንቶ አንዱ ግጥሙን ያነሣል፤ ሌሎቹ በጭብጨባ፥ በእግር ምትና በድምፅ ይቀበሉታል። ጐበዝ አውጪ ዝም እንዲል አይጠየቅም፤ ተቀባይ ካልመለሰለት ግን ቃሉ አየር ላይ ይቀራል። የሚገዛውም ይህ ነው፤ ቅጣት አያስፈልገውም። በቅኔ ማኅሌትም ከበሮ መቺው እንደ ልቡ አይሮጥም። ከዝማሜው ወደ መረግድ፥ ከመረግድ ወደ ጽፋት ሲሸጋገር ከጸናጽሉና ከመቋሚያው ጋር ነው። ፈጣኑ ምት የሚደርሰው ዝግተኛው በትዕግሥት ከተፈጸመ በኋላ ነው። በሁለቱም ሥርዐት ጐበዙ ሰው ጊዜውን ይጠብቃል እንጂ አይጠፋም። ፊልሙ ይህን ዐይነቱን መንገድ አላሰበውም፤ ለዴቮን የሰጠው ምርጫ ወይ ብቻውን መግነን ወይ ዝቅ ማለት ነው።

ሠ. ከሰልፍ የወጣ ድምፅ

ከባንድ ሥርዐት ውስጥ ልዩ ድምፅ ሊወጣ እንደሚችል ለሚጠራጠር አንባቢ ጌታቸው መኵሪያ በቂ ምስክር ናቸው። በ1940ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ባንድ ጀምረው፥ በ1948 ዓ.ም. በተከፈተው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፥ ኋላም በፖሊስ ኦርኬስትራ ሠርተዋል። በ2008 ዓ.ም. እስካረፉ ድረስ የሚታወቁት ግን ሽለላንና ፉከራን በሳክስፎን በማሰማታቸው ነው። ፉከራ ደግሞ «እኔ» የሚል ሰው ቃል ነው። ማኅበሩ መሣሪያውንና ትምህርቱን ሰጣቸው፤ እርሳቸውም ማኅበሩ ያልነበረውን ድምፅ ሰጡት። ብድሩ በሁለት ወገን ተከፈለ ማለት ይህ ነው።

ማጠቃለያ

«ድራምላይን» ልብ የሚያነሣሣ፥ በፍጻሜውም ብልኅ የሆነ ፊልም ነው፤ ተማሪዎች ቢያዩት ይጠቀማሉ። ነገር ግን «አንድ ድምፅ» የሚለውን ሕግ እንደ መጨረሻ ቃል አንቀበለው። አንድ ድምፅ የሚወጣው ብዙ ጆሮዎች እርስ በርስ ሲደማመጡ ነው፤ መሪውም ከሚያዳምጡት አንዱ መሆን አለበት። በየኮሌጁ የሙዚቃ ክበብ የሚያቋቁሙ ሰዎች ጐበዙን ልጅ እንዴት እንደሚገሩት ከማሰባቸው በፊት፥ የጐደለውን ምን እንደሚያስተምሩት ቢያስቡ መልካም ነው። ከአይሻና ከአካባቢዋ የመጡ ተማሪዎችም የዳንቶን የአውጪና የተቀባይ ሥርዐት ከአዋቂዎች እየጠየቁ በጽሑፍና በድምፅ ቢያስቀምጡ፥ ለዚህ መጽሔት ጠቃሚ ጥናት ይሆናል። የአርባዎቹ ልጆች የስም ዝርዝር በታሪካችን ሳይነበብ እንደ ቀረ፥ የእነዚህም አውጪዎች ስም ሳይጻፍ እንዳይቀር ሥራው ዛሬ ሊጀመር ይገባል።